የተሰበረው እግሩ ነው፤ ደሙን ለምን ይቀዱታል?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

  የዛሬው ዝግጅታችን ከተለመደው ትንሽ ወጣ ይላል። የምንነጋገረው ስለ ሕክምና ታሪክ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ። ኮሌጅ በነበርኩበት ጊዜ ባዮሎጂ ጥቂት ተምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ያነበብኩት ግን አንድ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ስለኖረ ነው።

ነገሩን በቅርቡ የቀሰቀሱብኝ አንዲት እናት ናቸው። ከዐስር ሰላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። ልጃቸው ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። «ኡስታዝ፣» አሉኝ፤ «የተሰበረው እግሩ ነው። ታዲያ በየጧቱ ከእጁ አንጓ ደም የሚቀዱት ለምንድን ነው? ጎረቤቶቼ ይሸጡታል ይላሉ። እኔ ግን የፈራሁት ያለችውን ደም አሟጠው ልጄን እንዳያሳጡኝ ነው። ቤተሰቡም ፈርመን እናውጣው፣ ወጌሻ ጋ እንውሰደው እያለ ነው።»

«ግድ የለም፣ አታስወጡት፤ ሁለት ቀን ብቻ ታገሡኝ» አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። ገና ወጣት ኢማም ሳለሁ፣ በአንድ አነስተኛ ከተማ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከአይሱዙ ጭነት ላይ ወድቆ ጭኑ ከተሰበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ተኝቶ ወጌሻ ያሸዋል። የመጀመሪያውን ቀን ደህና ነበር፤ ሻይ ጠጥቷል፣ ከጠያቂዎቹ ጋር ተጫውቷል። አሁን ግን መቀባጠር ጀምሯል። እናቱን አያውቃትም፤ ከአልጋው ልውረድ እያለ ይታገላል። «ጂን ሳይነካው አልቀረም፤ ይቅሩበት» አሉኝ። ሄድኩ፤ እስከ ሱብሒም ተቀምጬ ቀራሁበት። ትንፋሹ ሮጦ እንደመጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይል ነበር። ደረቱና ብብቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አየሁ፤ የቁንጫ ንክሻ መሰለኝ።

ጎህ ሲቀድ ነርስ የሆነ የአክስቱ ልጅ ከሌላ ከተማ ደረሰ። ጥፍሮቹን በባትሪ አየና «ይህ ልጅ አየር አጥሮታል፤ ቶሎ መኪና ፈልጉ!» አለ። ሆስፒታል እንደደረሰ ኦክስጅን ተደረገለት። ለሳምንት ያህል በሞትና በሕይወት መካከል ቆይቶ ተረፈ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ሲያገኘኝ «ያን ሌሊት ምን ምን ስል ነበር?» እያለ ይስቃል። እኔ ግን ሳቁን አልጋራውም። መቅራቴ አይደለም የሚጸጽተኝ፤ ኦክስጅን እየተሰጠውም አጠገቡ ሆኜ መቅራት እችል ነበር። የሚከነክነኝ በከንቱ ያለፈው ስምንት ሰዓት ነው።

ያ ያየሁት ነገር ስም ያለው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሐኪሞች የተከራከሩበት በሽታ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ትንፋሹ፣ መቀባጠሩ፣ ነጠብጣቦቹ፣ ሦስቱም አንድ ላይ የሚታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። መነሻው ደግሞ ከምናውቀው ነገር ነው።

ለዐረፋ አርደን ቅልጥም ስንሰብር ከውስጡ የሚወጣውን ቢጫ ቅባት የማያውቅ ቤት የለም፤ ልጆች የሚሻሙበት ነው። የአዋቂ ሰው የጭን አጥንትም ውስጡ እንዲሁ ነው። በሕፃንነት መቅኔው ቀይ ነው፤ ዋና ሥራውም ደም መሥራት ነው። እያደግን ስንሄድ በረጃጅሞቹ አጥንቶች ውስጥ ያለው መቅኔ እየቀባ፣ እየቢጫ ይሄዳል። በሰውነታችን ሙቀት ይህ ቅባት ፈሳሽ ነው። በመካከሉ ቀጫጭን የደም መልስ ሥሮች ያልፋሉ። እነዚህ ሥሮች ከአጥንቱ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ሲበጠሱ እንደ ሌላው ሥር ተኮማትረው አይዘጉም፤ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። በስብራቱ ውስጥ ደም ሲጠራቀም ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ቅባቱን በተከፈቱት አፎች በኩል ወደ ደም ይገፋዋል። የተሰበረው እግር በተንቀሳቀሰ፣ በተጎተተ፣ በታሸ ቁጥር ሌላ ቅባት ይገባል። ቁስሉ ወደ ውጭ ካልተከፈተ ደግሞ ግፊቱ መውጫ ስለሌለው ነገሩ ይብሳል። ደም ያልፈሰሰበት ስብራት ቀላል ነው የምንለው ነገር እዚህ ላይ ያሳስተናል።

ታዲያ ወደ ደም የገባው ቅባት የት ይሄዳል? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ የደምን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህን መንገድ ዋና ክፍል፣ እስከ ዛሬ በታወቀው ታሪክ፣ መጀመሪያ በትክክል የጻፈው በካይሮ ይኖር የነበረ ሙስሊም ሐኪም ነው።

ዓላኡዲን ኢብኑ ነፊስ ይባላል። ትውልዱ ከደማስቆ ወገን ነው፤ የሻፊዒ መዝሀብ ፊቅህም ዐዋቂ ነበር። በ1242 እ.ኤ.አ. ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመት ግድም ሳለ፣ በኢብኑ ሲና «ቃኑን» ውስጥ ስለ አካል ክፍሎች በተጻፈው ላይ ማብራሪያ ጻፈ። በዘመኑ ሐኪም ሁሉ የሚከተለው ግሪካዊው ጋለን፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ይል ነበር። ኢብኑ ነፊስ ግን ግድግዳው ድፍን ነው፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለበትም አለ። ደም ከቀኝ ልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ እዚያ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግራ ልብ የሚመለሰው። በሳንባ ውስጥም በመግቢያውና በመውጫው ሥሮች መካከል የሚያገናኝ ረቂቅ መተላለፊያ መኖር አለበት ብሎ ጻፈ።

ኢብኑ ነፊስ በ687 ሒጅራ (1288 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለመንሱሪ ሆስፒታል ሰጥቶ ሄደ። በአውሮፓ ሚካኤል ሰርቬተስ በ1553 ተመሳሳይ ሐሳብ አሳተመ። ዊልያም ሃርቪ በ1628 የደምን ሙሉ ዑደት አስረዳ፤ ማርቸሎ ማልፒጊ ደግሞ በ1661 እነዚያን ረቂቅ መተላለፊያዎች በማይክሮስኮፕ አያቸው። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ ግን እስከ 1924 ድረስ ተረስቶ ቆየ። በዚያ ዓመት ሙሕይዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብጻዊ ሐኪም በጀርመን አገር ለዶክትሬቱ ሲያጠና፣ በርሊን በሚገኝ የእጅ ጽሑፍ ላይ አገኘውና ለዓለም አሳወቀው። በየጉባዔው ስሙን እየጠራን እንኮራበታለን። ምን እንዳለ ግን ብንጠየቅ የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? እኔም ሥራውን ያነበብኩት ያ ልጅ ከታመመ በኋላ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ኢብኑ ነፊስ ያሳየው መንገድ ትክክል ከሆነ፣ ከእግር የተነሣ ማንኛውም ነገር ወደ አንጎልም ሆነ ወደ ኩላሊት ከመድረሱ በፊት በሳንባ ማለፍ አለበት። ሳንባ እንደ ወንፊት ነው። የወንፊቱ ቀዳዳዎች ስፋታቸው የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እንኳ ስለማይሞላ ትልልቆቹ የቅባት ጠብታዎች እዚያ ይሰነቀራሉ።

ይህን የሚያመላክቱ ሙከራዎች ቀድመው ነበሩ። በ1669 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎወር ወተት በውሻ ደም ሥር ውስጥ አስገብቶ ነበር። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥቁር ቀይ የነበረው ደም በሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ደማቅ ቀይ የሚሆነው አየር ስለሚያገኝ መሆኑን አሳየ። ያኔ ኦክስጅን ስሙም አይታወቅም ነበር። የነርሱ የአክስት ልጅ ጥፍር አይቶ ያወቀው ነገር መሠረቱ ይህ ነው፤ ኦክስጅን ያጣ ደም ይጠቁራል፣ ጥፍርና ከንፈር ይሰማያሉ። በ1820ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማዣንዲ ዘይት በእንስሳት ደም ውስጥ ሲያስገባ የሳንባው ቀጫጭን ሥሮች እንደሚደፈኑ አስተዋለ።

በሰው ላይ የታየው ግን በባቡር ዘመን ነው። በጀርመን ድሬስደን ከተማ አንድ የባቡር ሠራተኛ በሁለት ፉርጎዎች መካከል ተጨፍልቆ ሞተ። ሬሳውን የመረመረው ፍሪድሪሕ ፎን ሴንከር በሳንባው ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የቅባት ጠብታዎች አገኘ፤ በ1862ም ይህን አሳተመ። ሴንከር ቅባቱ ከተቀደደው ጨጓራ የመጣ መስሎት ነበር። ከአጥንት መቅኔ እንደሚመጣ ያመለከተው ብዙ ሬሳዎችን እየመረመረ ያነጻጸረው ሌላው ጀርመናዊ ኤርንስት ቫግነር ነው። ትልቅ ነገር ያየ ሰው ምክንያቱን ሊስት ይችላል፤ ያየው ነገር ግን አይጠፋም።

በሕይወት ባለ ሰው ላይ በሽታውን መጀመሪያ ያወቀው ኤርንስት ፎን በርግማን ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ፣ በ1863፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ቅባት በድመቶች ደም ሥር እያስገባ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1873፣ ከጣሪያ ወድቆ የጭኑ አጥንት የተሰባበረ በሽተኛ አጋጠመው። ሰውየው መጀመሪያ ደህና ነበር፤ ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ ትንፋሽ አጠረው፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ራሱን ሳተ። በርግማን በድመቶቹ ላይ ያየውን ስላስታወሰ ነገሩን ገመተ። በሽተኛው ሲሞት አስከሬኑ ተመርምሮ ግምቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ቢያውቅም ሊያድነው የሚችልበት ነገር አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ልብ በሉ። ቅባቱ የሚገባው አጥንቱ ሲሰበር ከሆነ በሽተኛው ለምን ወዲያው አይታመምም? ሻይ እየጠጣ የሚጫወትበት ያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከየት መጣ? ሰው ሁሉ የሚዘናጋው በዚህ ጊዜ ነው። በ1920ዎቹ ሁለት ወገኖች ተከራከሩ። አንደኛው በ1924 ጋውስ ያቀረበው ሲሆን፣ ነገሩ የመደፈን ጉዳይ ነው፤ ቅባቱ ከመቅኔ ወጥቶ ቧንቧውን ይዘጋል የሚል ነው። ሁለተኛውን ሌማንና ሙር በ1927 አቀረቡት፤ ነገሩ የደም ኬሚስትሪ ነው፣ በአደጋው ምክንያት በደም ውስጥ ያለው ቅባት ራሱ ጠባዩ ይለወጣል አሉ። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሌናርድ ፔልቲየር ሁለቱን የሚያገናኝ መልስ አመጣ። ቅባቱ እንዳለ መርዝ አይደለም። ሳንባ ውስጥ ከተሰነቀረ በኋላ ግን ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ቀስ በቀስ ይሰባብረውና ፋቲ አሲድ ያደርገዋል። ይህ አሲድ የሳንባውን ስስ ሽፋን ይልጠዋል፤ ሽፋኑ ሲላጥ ውኃ ወደ አየር ከረጢቶቹ ያልባል፤ አየርና ደም የሚገናኙበት ቦታ ይጨቀያል። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚወጣው ለዚህ ነው።

በደሙ ላይም ምልክቱን ይተዋል። ፋቲ አሲዱ ካልሲየምን ስለሚይዝ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሊወርድ ይችላል። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች በቅባቱ ጠብታዎች ላይ እየተለጠፉ ያልቃሉ። ሄሞግሎቢን ይቀንሳል። በሳንባ ያለፉት ትንንሽ ጠብታዎች ወደ አንጎል ሲደርሱ መቀባጠር ይመጣል፤ በቆዳ ላይ ሲደርሱ እኔ የቁንጫ ንክሻ ያልኳቸው ነጠብጣቦች በደረት፣ በብብትና በዓይን ሽፋን ውስጥ ይወጣሉ። ነጠብጣቦቹ በሁሉም ሰው ላይ አይታዩም፤ ከታዩም ብዙ ሳይቆዩ ይጠፋሉ።

በሌላ በኩል ጦርነት ለሐኪሞች አንድ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ በምዕራቡ ግንባር በጥይት ጭኑ ከተሰበረ ወታደር ከአሥሩ ስምንቱ ይሞት ነበር ይባላል። የሊቨርፑሉ ሂው ኦወን ቶማስ ከዓመታት በፊት የሠራው፣ እግሩን ወጥሮ የሚይዝ የብረት ማገዣ ነበረ፤ የሚስቱ ዘመድ የነበረው ሮበርት ጆንስ ይህ ማገዣ ወደ ጦር ግንባሩ እንዲገባ ታገለ። ወታደሩ ከመሬት ሳይነሣ በፊት እግሩ እንዲታሰር ተደረገ። በ1917 በአራስ ጦርነት ላይ የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 16 ግድም ወርዶ ተመዘገበ። የመጀመሪያውን ቁጥር አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል፤ ለለውጡም ማገዣው ብቻውን ምክንያት አልነበረም። የደም መፍሰሱም ቁስሉም አብሮ መታከሙ ረድቷል። ያም ሆነ ይህ፣ የተሰበረ ጭን ሳይታሰር መንቀሳቀስ እንደሌለበት ከዚያ ወዲህ የተከራከረ የለም።

እስከዚህ ድረስ ሐኪሞቹ የሚያዩት በዓይን የሚታየውን ብቻ ነበር። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መለካት ይቻል ነበር፤ ግን የቫን ስላይክ መሣሪያ የተባለው ጊዜ የሚወስድና የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ስለነበር ከቤተ ሙከራ እምብዛም አይወጣም ነበር። ነገሩን የለወጠው ከአጥንት ጋር ምንም የማይገናኝ ወረርሽኝ ነው። በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ፖሊዮ ገባ። መተንፈስ ያቃታቸው ሕመምተኞች ሆስፒታሉን ሞሉት። ሰመመን ሰጪው ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን ሰዎቹን የሚገድላቸው በደማቸው ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ብሎ፣ ጉሮሯቸውን ከፍቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት ጀመረ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች በፈረቃ ቀንና ሌሊት ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፖል አስትሩፕ ደግሞ የደማቸውን የአሲድ መጠንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍጥነት የሚለካበትን ዘዴ አበጀ። በአሜሪካ ሊላንድ ክላርክ በ1954 ኦክስጅን የሚለካ ኤሌክትሮድ ሠራ። ጆን ሰቨሪንግሃውስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሁለቱን በአንድ መሣሪያ አገናኛቸው። ከዚያ በኋላ ከደም ቅዳ ሥር የተቀዳች ትንሽ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የኦክስጅኑን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱንና የአሲዱን መጠን ትናገር ጀመር።

ይህ መሣሪያ ወደ አጥንት ክፍል ሲገባ ያልታሰበ ነገር ወጣ። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች በቬትናም፣ ሌሎችም በየአገራቸው፣ ጭናቸው የተሰበረ ሰዎችን ደም ሲለኩ፣ ምንም ሳያማቸው ከሚጫወቱትም መካከል ብዙዎቹ ኦክስጅናቸው ወርዶ አገኙት። የቅባት ጠብታ ደግሞ ረጅም አጥንቱ በተሰበረ ሰው ሁሉ ደም ውስጥ ማለት ይቻላል ይገኛል። ከእነዚህ ግን ወደ ከባዱ በሽታ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ጥያቄው እንግዲህ ቅባቱ ገብቷል ወይ መሆኑ ቀረ፤ ማን እየወደቀ ነው ወደሚል ተለወጠ። በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት አለን ገርድ በ1970፣ ከዚያም ከዊልሰን ጋር በ1974 የምልክቶቹን ዝርዝር አውጥተው ሐኪሞች ዛሬም የሚጠቅሱትን መለያ አስቀመጡ። ከዋናዎቹ ምልክቶች አንዱ የኦክስጅን መውረድ ነው።

ለቁጥሩ ትንሽ ማብራሪያ ልስጥ። የጤናማ ሰው የደም ቅዳ ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከ80 እስከ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ከ60 በታች ከወረደ አደጋ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛውም ሰው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደጋ ያለ ሰው ሲሰበር መጠባበቂያው ቆላ ካለው ያነሰ ነው። አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በሽተኛው ኦክስጅን ሲያጣ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መጀመሪያ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወርዳል፤ መልሶ መውጣት ሲጀምር ሰውየው እየደከመ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ደሙን ደጋግሞ የሚያየው ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ይህን አይናገርም።

መድኃኒቱስ? ብዙ ነገር ተሞክሯል። በአንድ ወቅት አልኮል በደም ሥር ይሰጡ ነበር፤ ላይፔዙን ያቀዘቅዛል ተብሎ ነው። ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ ተትቷል። በየሰፈሩ ለስብራት ሕመም «ትንሽ አረቄ ቅመስበት» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ይህን ማንሣቴ ነው፤ ሳይንሱም ጥሎታል። ሄፓሪንም ተሞክሮ ቀረ። ስቴሮይድ ዛሬም ያከራክራል። ዋናው ሕክምና ኦክስጅን መስጠት፣ ካስፈለገ በመሣሪያ ማስተንፈስና የጎደለውን ፈሳሽና ደም መተካት ነው። ሳንባው በአላህ ፈቃድ በቀናት ውስጥ ራሱን ይጠግናል፤ እስከዚያ በሽተኛውን ማቆየት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከመከላከል በኩል ነው። ጌርሃርድ ኩንቸር በጀርመን ኪል ከተማ በ1939 የብረት ዘንግ በጭን አጥንቱ መቅኔ ውስጥ አስገብቶ ስብራቱን አጸና። ብዙ ሐኪሞች ግን ለአሥርት ዓመታት ፈሩት። በሽተኛው በክብደት እግሩ ተወጥሮ ሳምንታት ይተኛል፤ «ለቀዶ ሕክምና ገና አልጠናም» ይባላል። በ1989 በአሜሪካ ዳላስ በ178 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ከባድ ጉዳት ካለባቸው መካከል ጭናቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የተጸናላቸው ከሁለት ቀን በኋላ ከተሠራላቸው ይልቅ የሳንባ ችግራቸው ያነሰ ሆነ። ያልጠና የተባለው በሽተኛ የማይጠናው አጥንቱ ሳይጸና ስለቀረ ነበር ለካ!

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990ዎቹ የጀርመን ሃኖቨር ሐኪሞች ደረታቸውም በተጎዳ ሰዎች ላይ ዘንጉን ወዲያው ማስገባት ራሱ ቅባት እየገፋ ሳንባውን ሊጎዳ እንደሚችል አሳዩ። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ መጀመሪያ አጥንቱን ከውጭ በብረት ይዞ ሲጠና መሥራት ይሻላል ተባለ። ታዲያ ማን ዛሬ ይሠራ፣ ማን ይቆይ? መልሱን የሚሰጠው ደሙ ነው። በ2013 ከክሊቭላንድ የወጣ መመሪያ ሦስት የደም መለኪያዎችን አስቀመጠ፤ ከእነዚህ አንዱ ሰውነት ኦክስጅን ሲያጣ በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ላክቴት ነው። ከ4 በታች ከወረደና የአሲዱ መጠን ከተስተካከለ መሥራት ይቻላል ይላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁለት ነገር ልበል። ዘንጉ ደርሶናል፤ ዶክተር ሉዊስ ዜርክል በ1999 በአሜሪካ ያቋቋሙት ሳይን የተባለ ድርጅት ውድ የኤክስሬይ መሣሪያ ሳያስፈልግ የሚገባ ዘንግ ለብዙ አገሮች ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም አለ። የእርሱን መሠረት የጣለው ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ በ1974 ነው፤ በኮሮና ጊዜ በየቤቱ ሳይቀር ገባ። ከእጅ አንጓ የሚቀዳውን ያህል ባይናገርም ከ90 በታች ሲያሳይ መሮጥ ነው። ሁለተኛው ስለ ወጌሻ ነው። ወጌሻን ማንቋሸሽ አልፈልግም፤ የወለቀ ክንድ የሚመልሱ ብልህ እጆች አሉ። ጭንና ዳሌ ግን የሚታሽ ነገር አይደለም። ሰው ጭኑ ተሰብሮ ሲወድቅ ከማንሣታችሁ በፊት እግሩን ከጤነኛው እግሩ ጋር፣ በመካከል ጋቢ ወይም ፎጣ አድርጋችሁ፣ በነጠላ እሰሩት። በአይሱዙ ላይ ሳይታሰር ሁለት ሰዓት ከተንገጫገጨ በየጉድጓዱ ቅባት እየገባ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሲቀባጥር ደግሞ መጀመሪያ ትንፋሹን ቁጠሩ።

እንግዲህ ለእናታችን የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ከእጁ አንጓ የሚቀዳው ከደም ቅዳ ሥር ነው፤ ምክንያቱም በሳንባ አልፎ የመጣውን ደም የምናገኘው እዚያ ነው። የሚቀዳው 2 ሚሊሊትር ቢሆን ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አንድ ጭን ሲሰበር ግን በውስጡ ተደብቆ የሚፈሰው ደም አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። በየቀኑ ቢቀዱት አንድ ሊትር ለመሙላት አምስት መቶ ቀን ይፈጅባቸዋል። «ደሙ ያለቀው ሲወድቅ ነው እንጂ ሲቀዱት አይደለም» አልኳቸው። ነርሷን ቁጥሩን እንዲጠይቋትም ነገርኳቸው።

ልጁን አላስወጡትም። በሦስተኛው ቀን መስጊዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ወረቀት ላይ አስጽፈው ይዘው ነበር። «የመጀመሪያው ቀን 54 ነበር አሉኝ፤ ትናንት 61፤ ዛሬ 70። ነገ ይሠራለታል ብለውኛል» አሉኝ።